መስታወት አጣቢ

ፀሐይ ከሚያድኑ ሰዎች ነው ሥራዬ፣
ፀሐይዋን ግን አላይ፤ ሌሊት ነው ተራዬ።
ቦቴውን ሞልቼ፣ ከይሩሐም ወጥቼ፣
በሽቦው አጥር በር ባጄን አሳይቼ፣
ሃምሳ ሺህ መስታወት አንድ ባንድ አጥባለሁ፤
አቧራ ጠላቴን በዘሩ አውቀዋለሁ፦
ከሲናይ የመጣ ቀላ ያለ ዱቄት፣
ከፎስፌት ማውጫው የተነሣ ነጭ እድፈት፣
ከጤዛ ተጋብቶ ጭቃ የሆነውም አለ።

መሐል ላይ ግንቡ አለ፣ ስድሳ ፎቅ የሚያህል፣
ቀን አናቱ ነዶ ዓይን የሚከለክል፤
ሌሊት ግን ቀዝቅዞ እንደኔ ዝም ይላል።

ውሃው የተጣራ፣ ጨው የለው ጣዕም የለው፤
ቤቴ ከምጠጣው ይልቅ የጠራ ነው።

ዓያድ አብሮኝ አለ፣ ብሩሹን የሚይዘው፣
ሲደክመው በዓረብኛ ማሽኑን የሚረግመው።
ቤቱ ካጥሩ ማዶ፣ እዚያ ቆርቆሮው ጋ፣
ጄኔሬተሩ ሲያስል ይሰማል እስኪነጋ።
ከባዱ ሽቦ ግን ከጣራው በላይ ይሄዳል፣
ሄዶ ሄዶ ቴል አቪቭን ያበራል፤
ለሱ አይወርድም፤ መንደሩ ካርታ ላይ የለም፤
ካርታ ላይ ለሌለ ሰው አይበራለትም።

አንድ ሌሊት፣ ቱቦውን እየጠቀለለ፦
«አንተ በቆምክበት አባቴ ገብስ ይዘራ ነበር፣ ዝናቡ ደግ ሲሆን።
አሁን መስታወት በቀለ።
መስታወት ፍየል አይበላውም» አለ።
ሳቀ። ቆይቶ ጨመረ፦
«ደመወዙን ግን እኔ እበላዋለሁ።»

እህቴ ትርንጎ ሐዴራ ነው ቤቷ፣
የከሰሉ ጭስ ማውጫ ይታያል ከመስኮቷ፤
ልጇ የሚምገው ሰማያዊ ፓምፕ አለው፣
ማታ ትራሱ ሥር ዳብሶ የሚያወጣው።
«እጠብ ወንድሜ» ትላለች፣ «እጅህ አይስነፍብህ፤
መስታወት አይደለም፣ የሱን ሳንባ ነው የምታጥበው፣ እባክህ።»

በሳምንቱ ደግሞ ያቺው ትርንጎ
የመብራት ሂሳቧን ፎቶ አንሥታ ላከች፤
ቃል አልጻፈችም፤ ቁጥሩን ብቻ በቀይ ከበበች።

ምን ልበላት?
ውሉ ሲፈረም ፀሐይ ውድ ነበረች፤
ዛሬ በየሰው ጣራ በርካሽ ወረደች፤
ውሉ ግን አልሰማም፤ ሃያ አምስት ዓመት ነው፤
የፈረሙት ሰዎች ጡረታ ሲወጡ፣ ዕዳው አይወጣ ነው፤
ልጇ አድጎ ይከፍላል፣ በዳነ ሳንባው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዕቃ ስንሰበስብ፣
ረድፍ መቶ አሥራ ሁለት ሥር ሽመላ አገኘን።
የክንፏ ጫፍ ተጠብሷል።
ሜዳው ሙሉ ውሃ መስሏት ይሆናል ትናንት ቀን ዝቅ ያለችው።
እግሯ ላይ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ቁጥር፤
ከፖላንድ ተነሥታ ልትገባ ነበር
እኔ ከተወለድኩበት ሐይቅ ዳር፣
ወረፋ ሳትቆም፣
ዘሯ ሳይመረመር።

ወፍ የምትቆጥር ኖጋ የምትባል ልጅ አለች።
ጓንት አጥልቃ መጣች፤ መዘነች፣ ለካች፣
ከረጢት ከተተቻት። «አርባ አንድ» አለች።
«ብዙ ነው?» አልኳት።
«ድመትና መስኮት ከዚህ በላይ ይገድላሉ» አለች፤
ዓይኗን ግን ከከረጢቱ አላነሣችም።

ምሥራቁ ነጣ።
የመጨረሻዋን መስታወት ስወለውል ነበር፤
ፊቴ ውስጧ ነበር፣
ጫማዬ ላይ የሽመላዋ ላባ ነበር።
ሞተሩ ጠቅ አለ። ሃምሳ ሺው ባንዴ አንገቱን አዞረ፤
የኔዋም ዞረች፤ ፊቴን ይዛ ሄደች፣ ለሰማይ ሰጠችው።
ዓያድ ከመኪናው፦ «ና ውጣ፣ ሊነድ ነው።»

ወጣሁ።
በሩ ላይ፣ ብዕሩን ከዘበኛው ተቀብዬ፣
ለነገ ሌሊት ፈረምኩ።