ከአምስት አራት

ሃያ ሦስት ፋይል አለ ከመስኮቱ ሥር የተደረደረ፣
ሃያ ሦስት ልጅ አለ በእኔ ስም የተቆጠረ።
የኤልዉድ ሰማያዊው ነው፤ ጠርዙ የተላጠ፣
ሁለት ርእሰ መምህር ሸኝቶ ከአንድ ጎርፍ ያመለጠ።

ዛሬ የዓመቱ ስብሰባ ነው፤ ሕጉ ቀን ቆርጧል፤
ኮምፒዩተሩ በቀይ ቀለም «አንድ ቀን ቀረሽ» ብሏል።
ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠሩ፣
ጉልበቶቻችን ከአገጫችን ለመጋጨት ጥቂት የቀሩ።

አባቱ ሜሪል ከጀልባው ወርዶ ቀጥታ ወደኛ መጣ፤
ቆቡን አወለቀ፤ የሄሪንግ ሽታው ግን ከክፍሉ አልወጣ።
(ሜይን ጠረፍ ላይ ጠዋት ይህ ሽታ ማንንም አይገርም።)
እናትየው በስልክ ናት፤ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣
ድምፅዋን እየዋጠው ይሽከረከራል ማድረቂያ።

ማንበብ ጀመርኩ። ድምፁ የእኔ፣ ቋንቋው የመሥሪያ ቤቱ፦
«ግብ አንድ። ተማሪው ፍላጎቱን በንግግር ታብሌቱ፣
ያለ አዋቂ ጉትጎታ፣ ከአምስት ሙከራ በአራቱ፣
ይገልጻል፤ ሰማንያ በመቶ፤ እስከ ጸደይ መባቻ።
ያሁኑ ደረጃ፦ ዜሮ።»
                    ከዚያ ዝምታ ብቻ።

ሜሪል አንገቱን ደፋ፤ በጣቶቹ ቆጠረ፤
«ከአምስት ወጥመድ አራቱ ሎብስተር ይዞ ካደረ፣
ወይዘሮ ፔልኪ፣ እኔ ያን ቀን ሀብታም ነኝ» አለኝ።
«ሁለት አውጥቼ ስመለስም ማንም ዜሮ አላለኝ።

ደግሞስ ይህ ዜሮ የተቆጠረው የት ነው? በየትኛው ስፍራ?
እዚያ ጥግ፣ ካርዶቹ ፊት፣ የፖም ሥዕል ካለበት ተራ?
ፖም አይወድም ልጄ! ምን ብሎ ይጠይቅ?
ማለዳ ወደቡ ላይ፣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲዞር፣
ከትንበያው ቀድሞ እጄን ይጎትታል፣ ወደ ቤት፣ ሳይናገር።
ሁለቴ እምቢ ብዬው ወጣሁ። ሁለቴም ማዕበል መታኝ።
ይህስ በየትኛው ሣጥን ይገባል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ገጽ መግለጥ ነበረብኝ፤ ገጽ ዘጠኝ፣
የአገልግሎት ደቂቃ። እጄ ግን እምቢ አለኝ።
የንግግር ባለሙያዋ በመስከረም ሄዳለች ሥራዋን ለቃ፤
ከዚያ ወዲህ ሰባት ረቡዕ፤ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ።
በየረቡዕ ምሽት «ተሰጥቷል» የሚለውን ነካሁ፣
ቀዩ አረንጓዴ ሆነልኝ፤ መብራት አጥፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ይህንን ተናገርኩት።
የርእሰ መምህሩ እስክሪብቶ ተንከባሎ ወደቀ።
«ሰባት?» አለች እናትየው። ማድረቂያው ቆሞ ነበር።
«ሰባት» አልኩ። አንዲት ቃል እንዲህ ከብዳኝ አታውቅም፣
ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር።

ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም።
ሜሪል ወረቀቱን ወደኔ ገፋ፤ «ጻፊው፤ ዕዳ ነው፤
ሁለት መቶ አሥር ደቂቃ። ለነዳጅ ሻጩም የምጽፍለት እንደዚሁ ነው።»
ጻፍኩ። ከዚያ «በክፍል ውስጥ» ከሚለው ጎን፣
«ወደቡ ላይም» ብዬ ጨመርኩ፤ የፖሙን ካርድ ሰርዤ
«ነፋስ» የሚል ቁልፍ ታብሌቱ ላይ እንዲገባ አዘዝኩ።

ኤልዉድ እስካሁን ጠረጴዛው ሥር ነበር፣
የአባቱን ቦት ጫማ እየዳሰሰ፣
ደረቅ ቅርፊት በጥፍሩ እየፈለሰሰ።
ወጣ። ታብሌቱን አልነካም። ቁልፉንም አላየ።
የአባቱን እጅ ያዘ፤ ወደ በሩ ሳበ፤
ሜሪል በዚያው እጁ እየፈረመ ነበር፤ ፊርማው
ከመስመሩ ወጥቶ እስከ ኅዳጉ ተጎተተ፣
በገጹ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጭራ ሆኖ ቀረ።

ከሰዓት ወደ ባሕር ይውጣ አይውጣ አላወቅሁም።
ማታ ገጹን ስካን ሳደርግ፣ ማሽኑ
«ፊርማው ከሣጥኑ ውጭ ነው፤ ይስተካከል?» አለ።
አይ፣ አልኩት።
እንዳለ ላክሁት።