ውሃ ልክ

በማካሳር ሰርጥ ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል ሰማይ፣
ሞተር ጠፋ። ዝም አልን፤ ባሕሩ ብቻ ሲታይ።
ድምፅ ላክን ወደ ታች፤ «ልቀቅ» አልነው መልሕቁን፣
ዓመት ከአምስት ወር ጥርሱ ጭቃ የነከሰውን።

እስኪወጣ ስንጠብቅ ሩብ ሰዓት ይረዝማል፤
ማንም አይተነፍስም፤ አንዱ ጣቱን ይቆጥራል።
ከዚያ ቢጫ ኳስ ብቅ፣
ሌላ ቢጫ ብቅ፣
እንደ እንቁላል አስኳል፣ በጠዋት ውሃ ብቅ ጥልቅ።

ገመዱን ሳብነው። ሺህ ሜትር። ሺህ አምስት መቶ።
ዛጎል ተለጥፎበት፣ አረንጓዴ ለብሶ፣ ሸቶ፤
መሣሪያው ተራ በተራ ከወለሉ ላይ ተኛ፣
ጨው የበላው ብረት፣ አሥራ ሰባት ወር ብቸኛ።
ሥራው ይኸው ነበረ፦ በየግማሽ ሰዓቱ
ውሃ ወዴት እንዳለፈ፣ ስንት እንደሆነ ፍጥነቱ፣
ሙቀቱ፣ ጨዋማነቱ፣
ማንም በማያይበት እየጻፈ ማቆየቱ።

በእኛ በማንዳር ጠረፍ፣ ፑአ ካቾ የሚሉት፣
በሳንዴቅ ጀልባ ያረጀ፣ ፀሐይ ዓይኑን የበላችበት
ሽማግሌ አለ። ቱናውን፣ ትልቁን ሲያጠምድ
ክሩን እያየ ይላል፦ «ይህ ውሃ ሁለት ነው መንገድ።
ላዩ ወደ ሰሜን ሲስቅ፣ ሲያባብል፣ ሲሄድ፣
ከሥሩ ሌላ ሰው አለ፣ ወደ ደቡብ የሚሰደድ።
ክሬ መቶ ክንድ ሲወርድ ይጎብጣል፣ ይታጠፋል፤
ውሃ ፊቱ ሌላ ነው፤ ሆዱ ሌላ ያስባል።»

ሩስታን ይስቅ ነበር፣ የመርከባችን ቴክኒሻን፦
«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ፤ ክር መች ልክ ሆነን?
ሜትር አምጡ! ቁጥር አምጡ!» ራሱ ገመድ ሲያስር
ግን ምላሱን ነክሶ ነው፣ እንደ ልጅ ፊደል ሲጭር።

ዛሬ ቁጥሩን ከፈትሁት።
ላዩ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ሞቆ፣ ላላ ብሎ፣ ቀሎ፣
በዝናቡ ወር ለዝቦ፣ ወደ ሰሜን ተንከባልሎ፤
ከመቶ ሜትር ግድም ሙቀት እንደ ደረጃ ሲወርድ፣
ጨዋማው፣ ከባዱ ውሃ ወደ ደቡብ ሲነጉድ፤
ሁለቱ፣ በአንድ ግቢ እንደ ተኳረፈ ጎረቤት፣
አንዱ ባንዱ ራስ ላይ ሲያልፍ፣ ቀንም ሌሊት።

ፑአ ካቾ፣ ልክ ነህ።
ልክህን ለማወቅ ግን ስንት ነዳጅ ነደደ፣
ስንት ሺህ ሜትር ገመድ ወረደ፤
ያንተ አንዲት ክር ብቻ ናት፣ በጣትህ ጫፍ የምትሰማ
ላዩ ሥሩን ሲያማ።
«ስንት?» ስትባል ግን ዝም።
ሩስታንም ልክ ነበረ።
ይህን ሳያይ ቀረ።

ባለፈው ሚያዝያ ሞተ፣
በየብስ፣ ጫማ ሊያሠራ ሄዶ፣ ወንበር ላይ እንደተጎለተ።
እሱ ያሰረው ቋጠሮ ከሦስት መቶ ሜትር ወጣ፤
አልላላም፤ ጥቂት ውሃ አንጠባጥቦ መጣ።

«ቁረጪው» አለኝ አለቃው፤ «አዲሱ ይግባ፣ ቶሎ።»
ቢላዋ ሰጠኝ፤ ሄደ፤ ሌላ ነገር ሊያይ ቸኩሎ።
ጎንበስ አልሁ፤ ከቋጠሮው ዝቅ ብዬ በጠስሁት፤
ኪሴ ጨመርሁት፣ በመሐረብ አብሼ።
አዲሱን እኔ አሰርሁት፣
ምላሴን ነክሼ።