ከማመልከቻው ጋር ያልተያያዘ

እኩለ ሌሊት ይዘጋል። «ለድኅረ ዶክትሬቱ ጥናት
ውጤትዎን ይግለጹ» ይላል ቅጹ። ጅማ ላይ ጠፋ መብራት።
ምድጃው ከአምስት መቶ ዲግሪ ወረደ ቀስ እያለ፤
የቡናው ቅርፊት ግማሹ ጥሬ ነው፣ ግማሹ ከሰለ፣
እንደ እኔው፣ ዶክተር ተብዬ ደጅ እንደምጠና።
ጥበቃው ጋሽ ራያ ባትሪ ይዘው መጡና፣
«ይሄ ቀለም ቆጠራ አያልቅም ወይ፣ ሙንተሃ?»
አቀበልኳቸው ሁለት ብርጭቆ ውኃ፦
አንዱ ከማጠቢያው ሥር የተቀዳ አዌቱ፣
አንዱ በከሰሌ የተጣራ።
አሸተቱ።
ወደ ባትሪው አስጠግተው ደግሞ አዩ።
«ሽታውስ ሄዷል ልጄ፤ ቀለሙ ግን አለ።»
በስልኬ ጭላንጭል ጻፍኩት፣ ቃላቸውን እንዳለ፤
ከሥሩም፦
ሁለት ዓመት የምለምነው
ለቀለሙ ነው።