በር ያላት ሐር

ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፍኖ፣
መስኮቱ በጭጋግ እንደ ግርዶሽ ሆኖ፣
ሜትሬን ባንገቴ፣
ብሬን በመቀነቴ፣
ኮምቦልቻ ገባሁ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ።
ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ። ሙጋድ ዳር አንድ ክፍል፣ አንድ ሲንጀር፤ ሌላ
የለኝም።

«ሐር ነው የምፈልግ» አለች የሙሽራ እናት፣
«የመርከብ አይደለም፣ የዚሁ አገር ጥለት።
ከፋብሪካው ጓሮ፣ ከቦርከና ማዶ፣
አያ እብሬ ይሉታል፤ እጁ ሙሉ፣ ጆሮው ባዶ።»

ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃው ሲለወጥ፣
ሴቶቹ ሲወጡ ቅንድባቸው ጥጥ፣
ቆምሁ።
እህቴም እንዲህ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ሌሊት ተፈትላ ከሰርቪስ ስትወርድ፣ ውሾች «ማን ናት?» ሲሉ።
አቡጄዲ ነበር ሥራዋ፤ ለፍራሽ፣ ለአንሶላ፣ ለከፈን፤
ሐር የሚባል ነገር እንኳን በእጇ፣ በሕልሟም ሳይሆን
አንድ ቀን አልመጣችም።
ጅቡቲ ናት ተባለ፤ ቤሩት ናት ተባለ።
እናቴ «በጥሳ ሄደች» ብላ ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ
ከቤታችን የለ።

ግንቡን ተጠግቼ ጉሎ ለጉሎ ሄድሁ፤
ለሆድ ድርቀት እንጂ ለሐር መሆኑን ያኔ ገና ሰማሁ።
ቆርቆሮ ቤት ገባሁ። በየሰፌዱ ላይ ትል ይርመሰመሳል፤
ዝናብ የጀመረ፣ ጣራው ላይ፣ ይመስላል፤
ቀና ብል ፀሐይ ነው።
የአፋቸው ድምፅ ኖሯል፣ ቅጠል ሲቀረደድ፣
እንደ ሐምሌ ካፊያ ጆሮዬ ላይ ሲወርድ።

ይህን አያ እብሬ አይሰሙም። ሠላሳ ሁለት ዓመት
የፋብሪካው ብረት
ጆሯቸውን ሸምኖ፣ ጠርዙንም ቀምቅሞ፣ ዘግቶባቸዋል።
ዛሬ እግር ከጉድጓድ፣ በእንጨት ዕቃ ሆነው፣ መወርወሪያ ይልካሉ፤
መዳፍ ድሩ ላይ ነው፤ ክር ሲበጠስ በቆዳ ይሰማሉ።

ልጃቸው ሉባባ አንዲት ጎጆ ሰጠች፣
ክብደት የሌላት፣ ጫፏ የተከፈተች።
«የሩቅ አገሩ ሐር» አለች፣ «ክሩ እንዳይቆረጥ፣
ትሏን በፈላ ውኃ... እዚያው ቤቷ ውስጥ።»
«የኛዋስ?»
«የኛዋ በር አላት፤ ከፍታ ትወጣለች።
ክሩ ይበጣጠሳል። እንደ ጥጥ ነው እንግዲህ፣ በእንዝርት ይፈተላል።
እሷ ግን በራለች።»
አያ እብሬ ከንፈሯን አይተው በእጃቸው ጨመሩ፤
አውራ ጣት ካውራ ጣት አቆላልፈው፣ ክንፍ ሠርተው በረሩ።

ጎጆዋን አንስቼ በቀዳዳዋ ብርሃን አየሁ፤
ጠርጋ የሄደች ይመስላል። ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ዋጋውን ስጠይቅ በጣት ሲቆጥሩ፣
አሥሩ አልበቃ ብሎ የኔን ጣት ተበደሩ።
ሉባባ ሳቀች። እኔም።
ለሁለት ክንድ የያዝሁት ለአንዱም አልሞላ አለኝ፤
«ውሰጂ፣ ትከፍያለሽ» እጃቸው አለኝ።

ቀለሙ አጓት ነው፤ ነጭ ነው አይባል፤
በጣት ሲዳብሱት ቋጠሮ ይበዛል፤
ከጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ጎኔ ያለው ሰው እያየኝ፣
«ይቺ አንድ፣ ይቺ ሁለት» ስል፣
ልቆጥር ጀምሬ፣ ጆሮዬ ሲከፈት፣
ሐረጎ አናት ላይ ተውሁት።

ቅዳሜ ሰፋሁት። ሲንጀሩን ሸፍኜ፣ በእጅ፣ በቀስታ፤
መጨረሻው ላይ ስደርስ አንድ ጣት ያህል ቦታ
ሳልዘጋ ክሩን ቆረጥሁ።
የሙሽራዋ እናት ገለባብጣ አየች፤
«እጅሽ ይባረክ» ብላ ቀሪውን ከፈለች።
ያቺን ግን አላየች።