መውጫውን እይ

ሐሙስ ሌሊት ሞተ፣ የጦይባን ሠርግ ይዞ፣
ዘጠና አንድ በመቶ ላይ ቆጠራው ደንዝዞ።
ሙሽራዋ ገና ከመኪናው ሳትወርድ፣
አንድ እግሯ መኪና ላይ፣ አንድ እግሯ በመንገድ፣
ስክሪኑ ጠቆረ።

ሳጥኑን ከፍቼ ካርዱን ብነካው፣
ከፍም እንደወጣ ማረሻ ነው፣ ጣቴን ለበለበው።
ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ከሲሚንቶ መጋዘን ጋር አጥር ለአጥር፤
መስኮቱን ብከፍተው አቧራው እንግዳ፣
ብዘጋው ምድጃ፣ ክዳን ያለው ጓዳ።

ቅዳሜ ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ፣
ጆሮዬ ሲደፈን ጃኬቴን ቆለፍሁ።
ደሴ ጉም ለብሳለች፣
የቀትር ፀሐይዋን ጦሳ ጀርባ ደብቃለች።
አህመዲን ሱቅ ገባሁ፣ ከቧንቧ ውሃ ወረድ ብሎ፣
አገኘሁት ቁጭ እንዳለ፣ በጋቢው ተጠቅሎ።
«አብሽር፣ ሞልቷል» አለኝ፤ ሁለት ካርቶን አወረደ፣
የአንደኛውን ላስቲክ በጥርሱ ቀደደ።

ሦስት ማራገቢያ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መብራት በጠርዙ አቅፎ፣
ክንፋቸው የታጠፈ እንደ ጭልፊት ላባ፣
ሲዞሩም ድምፅ የላቸው፣ እርምጃቸው የሌባ።

ሁለተኛው ድፍን፣ ጥቁር፣ የተረሳ ከበሮ፣
አንድ ማራገቢያ ብቻ፣ ቀፎ ውስጥ ታስሮ፣
ከኋላው ፍርግርግ።
«እሱን ተወው» አለኝ፣ «ሲጮህ ወፍጮ ቤት ነው፤
ከቢሮ ኮምፒውተር የተነቀለ ነው፣ መልክም የለው።»

ባለ ሦስቱን ሰክቶ ፈተና አስጀመረ፣
«ስልሳ ሁለት ዲግሪ! እይማ!» እያለ ስክሪኑን በጥፍሩ ቆረቆረ።

አህመዲን፣ ወንድሜ፣
የቀዘቀዘችው ደሴ ናት እንጂ ካርዱ መች ቀዘቀዘ!
አንተ እዚህ በጋቢ፣ እኔ እዚያ በካናቴራ፤
የጦሳን ጉም በካርድ ዋጋ አትሽጥልኝ፣ አደራ፣
ሐረጎን ስወርድ ነው ከካርቶኑ የሚተን።

አባቴ ይመር ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣
ከሐይቅ በላይ ባለች መንደር፤
ቀን ሰላም የማይሉት፣
ማረሻቸው ሲዶለዱም ማታ የሚመጡበት።
ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርሁ፣
ሁለት የፍየል ቆዳ፣ ተራ በተራ፣ እንደ ሳንባ።
አንድ ቀን ጭሱ አንቆኝ ስስል፣
መዶሻውን ሳያስቀምጥ፣
«ነፋስ ሲገባማ ማንም ያያል» አለኝ፣
«አንተ መውጫውን እይ።
ሙቀት አይሞትም፤ ቤት ይቀይራል እንጂ።»

ባለ ሦስቱ
ሙቀቱን ከብረቱ ነቅሎ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይበትናል።
ሰፊ ሳጥን ላለው፣ ለደሴ ሰው፣ ይሁን፣ ያዋጣል!
የእኔ ግን ጠባብ ነው፣
አቧራ ፈርቼ ቀዳዳውን በፕላስተር የደፈንሁት፤
እዚያ ውስጥ ሦስቱም የሚጠጡት
የራሳቸውን ትንፋሽ ነው፣ ደግመው ደጋግመው።
ይሄ መልከ ጥፉው
በአንድ አፍ ይስባል፣ በጀርባው ይተፋል፣
ያስወጣል፤
እየጮኸም ቢሆን ያስወጣል።

«ይሄን ስጠኝ» አልሁት።
ሳቀብኝ። ሁለት ሺህ ብር ቀነሰልኝ፣
«ሲያደነቁርህ ትመልሰዋለህ» ብሎ መረቀልኝ።

እሁድ ሌሊት ካርዱ አጓራ።
እትየ ዘምዘም ግድግዳውን መታች፤
«ኧረ አንተ ልጅ፣ ምን እየፈጨህ ነው በዚህ ሌሊት?»
«ሠርግ» አልኋት።

ጦይባ ሁለተኛ እግሯን አወረደች፣
ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መንገዱን ረገጠች።
እጄን ወደ ሳጥኑ ጀርባ አስጠጋሁ።
ሞቃት ነፋስ መዳፌን መታኝ፣
ደረቅ፣ ብረት ብረት የሚሸት፤
ፊቴን ወደዚያው አዞርሁ፣ ትንሽ ቆየሁ።

ሰባ ስምንት ዲግሪ። መቶ በመቶ።

ክፍሉ ግን ነደደ።
ሙቀቱ ቤት ቀይሮ እኔው ጋ ሰፈረ፣
ላቤ በጀርባዬ እስከ ቀበቶዬ ተንቆረቆረ።
ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ።
አቧራው ገባ።