ቆዪ አንዴ

ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከካርድ ክፍል ጀርባ፣
በሩን ካልገፉት በቀር ብርሃን የማይገባ
ጓዳ አለች፤ ሦስት ሰርቨር ያዘለች።

ትልቁ አሮጌ ነው፣ ቆጥሮ የሚነሣ፣
አንድ ካላለቀ ሁለት የማያወሳ።
ትንሹ በእርዳታ ከሩቅ አገር መጣ፤
የወደቀ ሥራ ያነሣል ሳይቆጣ፣
ቢወድቅም ደጋግሞ።
ሦስተኛው አዲስ ነው፤ ሁሉን ባንዴ ጠርቶ፣
ማን ማንን እንዲጠብቅ በደብዳቤ አብራርቶ።
ሦስቱም ሊኑክስ ናቸው ባንድ ስም ቢጠሩ፤
ለየቅል ነው እንጂ፣ ሲነቁ ነገሩ።

ከኔ በፊት የነበረው፣ አንሙት የሚሉት ሰው፣
ማስነሻውን ሁሉ ባንድ ማኅደር አፈሰሰው፤
ቁጥር ያለው፣ የሌለው፣ የዚህም የዚያም ቤት፣
ጤፍ ከነገለባው ባንድ ስልቻ ያለበት።

ክረምት ነው ደግሞ። ከጮቄ በኩል ሲያጉረመርም
መብራት ይሄዳል፤ ማንም አይገረም።
ሲመለስ ነው ጣጣው።

ማክሰኞ ለት መዝገቡ ሳይነቃ መስኮቱ ነቃና፣
ባንቺአምላክ፣ ካርድ ሰጪዋ፣ ጎንበስ ብላ ቀና፣
«ስምዎ የለም» አለች፣ ከሰዴ ለመጡ አዛውንት።
«የለም? እኔስ አለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ ፊት ለፊት።»
ሰልፉ ሳቀ።
እኔ ያን ሌሊት ጓዳዋ ውስጥ አደርሁ።

አባቴ ዋሸራ ነው የተማረው፣ አጎቴ ደግሞ ጎንጅ፤
አንድ ቅኔ ሲፈቱ ይሟገቱ ነበር እንጂ፣
ግሡ ያው ነው፣ ሰዋስውም ያው፣ ያው ነው ምሥጢሩ፤
በየት በር እንግባ ነው የጠቡ ድንበሩ።
ያም ሆኖ ያንዱ ደብተር ካንዱ ማኅደር ገብቶ
አላየሁም፣ እድሜ ልኬን፣ ሁለቱን አምታቶ።

ሦስት ማኅደር ከፈትሁ። በየደጃፉ ስሙን ጻፍሁ።
ቁጥሩን ለቆጣሪው፣ ደብዳቤውን ለአዲሱ አሳለፍሁ፤
ለትንሹም የድርሻውን። ዶሮ ሲጮህ
አንድ ጽሑፍ ተረፈኝ።

የማንም ቤት አይደል፤ «አትንኩት» ይላል ከላይ፤
ሠላሳ ሰከንድ መተኛት፣ ሌላ ሥራ የማይታይ።
ልሰርዘው ነበር፤ ጣቴ ከቁልፉ ላይ አርፏል፤
ከሥር ግን በቀጭን ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦
«መብራት እንደመጣ አትመነው፤ ሄዶ ይመለሳል።
ቆይ። ከዚያ ቀስቅሳቸው። አንሙት።»

ክረምቱን ሙሉ በሆዴ ስሰድበው የከረምሁት ሰው!

ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት፣ ለየቤቱ በየቋንቋው፤
ከሁሉም ፊት አቆምሁት፣ በር ጠባቂ እንዲሆነው።

ንጋት ላይ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ መለስሁ።
ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ መጣ። ዝም ብዬ ቆምሁ፣
ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት እያልሁ፣ እንደ አሮጌው ሰርቨር።

በሩ ተንኳኳ። ባንቺአምላክ ናት፣ ከነጃንጥላዋ፦
«የሰዴው አዛውንት ደግመው መጡ። ስማቸው አለ ወይ?»

«ቆዪ አንዴ» አልኋት።