ግጣሙን አትክፈት

«ለስንት ሰው?» አለችኝ፣ ሻጯ ቀና ብላ፣
እጇን በትልቁ ድስት ግጣም ላይ ጥላ።
ማይርወን ይላል ደረቷ ላይ ያለው ካርድ፤
ውጭ ይዘንባል፣ አበርዴር እንደ ልማድ።
ባለ ስድስት ሊትር፣ ባለ አራት፣ ባለ ሁለት፤
አውቶቡሴ እንኳ ልኩን ያውቃል፣ በሩ ላይ ተጽፏል የሰው ብዛት፤
እኔ ነኝ ለቤቴ ቁጥር ያጣሁለት።

ኖን ማክሰኞና አርብ ትመጣለች።
በተረፈው ቀን እናቷ ዘንድ ናት፣ ከኮረብታው ወዲያ።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሾርባ ትወዳለች፣
ወይም ትወድ ነበር፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ።
«ለአንድ ተኩል» አልኩኝ።
አልሳቀችም ሴትዮዋ። ባለ አራቱን አንስታ
«ግማሿ ታድጋለች» አለች፣ አቧራውን በመዳፏ እየጠረገች።

አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ያበራል፣
ሲበስል ራሱ አውቆ ወደ ለብታ ይወርዳል፤
ሌላው አንድ ማዞሪያ፣ ሦስት ቃል ብቻ የሚያውቅ፦
ጠፍቷል። ዝቅ። ከፍ።
እኔም ከዚያ የበለጠ አልናገርም፣ ኤለሪ እንደምትለው፤
ያንን ወሰድኩት።
«የሸክላ ሆዱስ ይወጣል፣ ለማጠብ?» «ይወጣል።»
«ግጣሙ?» «መስታወት ነው፤ ዐይንህ ይበቃዋል።
አደራ፣ አትክፈተው። ባነሳኸው ቁጥር
ግማሽ ሰዓት ከእራትህ ላይ ይቆረጣል።»

የመጀመሪያው አርብ አምስት ጊዜ ከፈትኩ፤
አንዴ በማንኪያ፣ አንዴ በሹካ እየወጋሁ ጠየቅኩ።
እሷንም እንዲሁ፦ ትምህርት እንዴት ነበር? ከማን ጋር ተቀመጥሽ?
እናትሽ ምን አለች? ለምን ዝም አልሽ?
ድንቹ ጥሬ ቀረ። ዳቦ በአይብ በላን፣
ቴሌቪዥኑ እያወራልን።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤
እኔ ያፈሰስኩት እንፋሎት ነው፣ በየት በኩል ይለቀማል?

«ርካሹን ሥጋ ግዛ» አለኝ ግዊሊም፣ የጋራዡ መካኒክ፣ ጎማ እየፈታ፣
«የበግ አንገት፣ ብዙ የለፋ ጡንቻ፤ ምርጡ ሥጋ ይበታተንብሃል።
ቀይ ቦሎቄ ካሰኘህ ግን ቀድመህ በሌላ ድስት
አስር ደቂቃ አንተክትከው፤ ጥሬውን ከጨመርክ
ሌሊቱን የምትመላለሰው በአውቶቡስ አይደለም፣ ወደ ሽንት ቤት ነው።»

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣
መንደሩ ሁሉ እንቅልፍ፣ የእኔ ወጥ ቤት አንድ መብራት፤
ድንችና ካሮት ከሥር፣ ጠንካራ ጠንካራው ወደ ሙቀቱ፣
አንገቱ ከላይ፣ ከነአጥንቱ፤
ባሮ ሽንኩርት፣ ገብስ አንድ እፍኝ፣ ውሃ ጥቂት፤
ይህ ድስት ላቡን አይጥልም፣ መልሶ ይጠጣዋል እንጂ።
ዝቅ ላይ አዞርኩና ወጣሁ።
ቀኑን ሙሉ ወደ መርተር ስሄድ፣ ስመለስ፣
በየፌርማታው በሩን ስከፍት፣ ስዘጋ፣
ቤቴ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ነገር ነበረኝ።

ኖን ገባች፣ ቦርሳዋ ውሃ እያንጠባጠበ።
ሽታው ደረሳት፤ አፍንጫዋ ነገረኝ።
ድስቱ ፊት ቆመች፣
ጠብታው ከመስታወቱ ሥር ሲንሸራተት እያየች።
«ልክፈተው?» «ገና ነው።»
ሌላ አልጨመርኩም። ዳቦ ቆረጥኩ።

ጥቂት ቆየችና
«ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው» አለች፣ ለድስቱ።
ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ነው፣ የማን ልጅ፤
ጥያቄው ምላሴን ላጠኝ፣ ከነትኩሳቱ ዋጥኩት።
ቢላዋው ዳቦው ውስጥ ቆሞ ቀረ።
ግጣሙ ተንቀጠቀጠ፣ ጡክ አለ፣ ዝም አለ።
ከዚያ ሁለተኛውን ነገር ነገረችኝ፣ ሦስተኛውንም፣
ማንም ሳይጎትተው፣
ሥጋ ከአጥንቱ ላይ እንደሚወርድ።

አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል እሷ ናት የከፈተችው።
መነጽሬ በእንፋሎት ታወረ፤
ስጠርገው ጊዜ ወሰድኩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ።
ግማሿ ሰው ሁለት ሳህን በላች።
ጥቂት ተረፈ፣ ለረቡዕ፣ ለአንዱ።